የተጣለው ረቂቅና የተረሳው ኮንቸርቶ

ጁን 4 ቀን 1912፣ በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት በምትገኘው ኖርፎክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከእንጨት በተሠራ የሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ፣ ሞድ ፓወል የተባለች አሜሪካዊት የቫዮሊን ተጫዋች አንድ አዲስ ኮንቸርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አሰማች። ኦርኬስትራውን የመራው አርተር ሚስ ነበር። ሥራውን የጻፈው ሳሙኤል ኮልሪጅ ቴይለር ግን በአዳራሹ አልነበረም፤ ከአትላንቲክ ማዶ፣ ከለንደን በስተደቡብ ባለችው ክሮይደን በማስተማርና መዘምራንን በመምራት ኑሮውን እየገፋ ነበር። ኦገስት 28 ቀን በዌስት ክሮይደን የባቡር ጣቢያ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ ሴፕቴምበር 1 ቀን በ37 ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ። ኮንቸርቶው በእንግሊዝ ምድር የተሰማው ከቀብሩ በኋላ፣ ኦክቶበር 8 ቀን፣ በለንደኑ ክዊንስ ሆል ነው። ቫዮሊኑን አርተር ካተሮል ተጫወተ፤ መሪው ሄንሪ ውድ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በኋላ፣ አልፎ አልፎ ከተደረጉ ጥቂት ሙከራዎች በቀር፣ ሥራው ከመድረክ ጠፋ። ክዊንስ ሆል ራሱ በሜይ 1941 በጀርመን ቦምብ ተቃጥሎ ወደመ። ኮንቸርቶው በተቀረጸ ድምፅ ለማንም ሰው በቀላሉ የሚገኝ የሆነው በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። ይህ ጸሐፊ ሊመረምር የተነሣው ጥያቄ ሁለት ወገን አለው፦ አንድ ሥራ ለዘጠና ዓመት ያህል እንዴት ይረሳል? ሲገኝስ በምን ስም፣ በየትኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የሚከብድ ይመስለኛል። በሰው አገር የሚኖርና ሥራው ሁልጊዜ ከትውልዱ ጋር ተቆራኝቶ የሚመዘንበት ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

ደራሲው የተወለደው በ1875 በለንደን ሆልበርን ሰፈር ነው። እናቱ አሊስ ሐር ማርቲን እንግሊዛዊት ነበረች። አባቱ ዶክተር ዳንኤል ቴይለር ከሴራሊዮን መጥቶ በለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ሕክምና ያጠና ሐኪም ሲሆን ልጁ ሳይወለድ ወደ አፍሪካ ተመልሷል፤ ልጅ እንደሚወለድለት ማወቁ እንኳ ያጠራጥራል። ሕፃኑ በእናቱ ቤተሰብ ቤት፣ በክሮይደን አደገ። የመጀመሪያ ቫዮሊኑን ያስያዘው ፈረስ ጫማ መምታት ሥራው የነበረ የእናቱ አባት ነው። በ15 ዓመቱ በሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሚዩዚክ የቫዮሊን ተማሪ ሆኖ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ድርሰት ተሻግሮ የቻርልስ ስታንፎርድ ደቀ መዝሙር ሆነ። ቮን ዊልያምስና ሆልስት የዚያው ኮሌጅ የዘመን ጓደኞቹ ናቸው። ኮንቸርቶውን የጻፈው ሰው መሣሪያውን ከውጭ ሆኖ የሚያውቅ እንዳልነበረ ማስታወስ ይጠቅማል፤ ቫዮሊን የመጀመሪያ ቋንቋው ነበር።

በ1898 ኤድዋርድ ኤልጋር፣ በግሎስተር ለሚካሄደው የሦስቱ መዘምራን ፌስቲቫል አዲስ ሥራ እንዲጽፍ ተጠይቆ፣ ጊዜ እንደሌለው ገልጾ በእርሱ ፈንታ ለኮልሪጅ ቴይለር እንዲሰጡት አሳሰበ፤ ከወጣቶቹ ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው ብሎ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር «የሃያዋታ የሠርግ ድግስ» የተሰኘው የመዘምራንና የኦርኬስትራ ሥራ በኮሌጁ አዳራሽ ቀረበ፤ ደራሲው ገና 23 ዓመቱ ነበር። የሆነውን ለመረዳት በዚያን ዘመን በእንግሊዝ እያንዳንዱ የፋብሪካ ከተማ፣ እያንዳንዱ ደብር የራሱ የመዘምራን ማኅበር እንደነበረው ማሰብ ያስፈልጋል። እነዚህ ማኅበራት ሁሉ ሃያዋታን ለመዘመር ተሽቀዳደሙ። የኖታው መጽሐፍ በመቶ ሺህዎች ተሸጠ። ደራሲው ግን መብቱን ለአሳታሚው ጠቅልሎ የሸጠው በ15 ጊኒ፣ ማለትም በ15 ፓውንድና በ15 ሺሊንግ ነበር። ከሽያጩም ከዝግጅቱም አንዳች ድርሻ አልነበረውም። ይህን ነጥብ ወደ ፊት እመለስበታለሁ።

ሁለት ዓመት አልፎ፣ በጁላይ 1900፣ ኮልሪጅ ቴይለር በለንደን ዌስትሚንስተር በተካሄደው የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ላይ ተገኘ። ከተወካዮቹ ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እርሱ እንደነበረ ይነገራል። የጉባኤውን ሙዚቃ ያሰናዳው እርሱ ሲሆን፣ በዚያ የተመሠረተው ማኅበር የሥራ አስፈጻሚ አባልም ሆኖ ተመርጧል። የጉባኤው አጥንት ትሪኒዳዳዊው ሄንሪ ሲልቬስተር ዊልያምስ ነበር፤ ዱ ቦይስም ነበረ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ ሌላ ስም ዐይን ይስባል፦ የሄይቲው ተወላጅ ቤኒቶ ሲልቬን፣ የዐፄ ምኒልክ ባለሟል በሚል ማዕረግ ተገኝቷል። ዓድዋ ገና አራት ዓመቷ ነበር። ጉባኤው ዐፄ ምኒልክን ከሄይቲና ከላይቤሪያ ፕሬዚዳንቶች ጋር የማኅበሩ የክብር አባል አድርጎ ሰይሟቸዋል። ከዚህ በላይ የሚያገናኝ ነገር ለመፈልሰፍ አልሞክርም፤ ሆኖም ለዚህ እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ አፍሪካ ማለት በመጽሐፍ ያነበባት ሩቅ አገር ብቻ ሳትሆን፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ስለ መብትና ስለ መንግሥት የሚከራከሩ ሰዎች ጉዳይ እንደነበረች ከዚህ ይታያል።

ወደ አሜሪካ ሦስት ጊዜ ተጉዟል፤ በ1904፣ በ1906ና በ1910። በዋሽንግተን ዲሲ ጥቁር አሜሪካውያን ዘማሪዎች በስሙ የመዘምራን ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ የመጀመሪያውን ጉዞም የጠሩት እነርሱ ናቸው። በዚያው ጉዞ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በዋይት ሐውስ ተቀብለውታል። በ1905 ያሳተማቸው ሃያ አራት የጥቁሮች ዜማዎች፣ ከአፍሪካም ከአሜሪካም የተሰበሰቡ፣ ለፒያኖ የተሠሩ ናቸው፤ መቅድሙን የጻፈው ቡከር ዋሽንግተን ነው። ድቮርዣክ ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በኒው ዮርክ ሳለ፣ የአሜሪካ ሙዚቃ መሠረት የጥቁሮቹ ዜማ ነው ብሎ ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር። ኮልሪጅ ቴይለር ድቮርዣክን ከሁሉ አብልጦ ይወድ ነበርና ያንን መንገድ በገዛ እጁ ሊሞክረው ፈለገ።

በ1910 የመጣው ካርል ስቶክል በተባለ ባለጸጋ ጥሪ ነበር። ስቶክልና ባለቤቱ ኤለን በርስታቸው በኖርፎክ በየዓመቱ የሙዚቃ ፌስቲቫል ያዘጋጃሉ፤ ለዚሁ ሲሉ በ1906 አዳራሽ አሠርተዋል፤ ኦርኬስትራውን ከኒው ዮርክ ያስመጣሉ፤ ለእንግዶቻቸው ትኬት አይሸጡም። «ጥቁሩ ማህለር» የሚለው ቅጽል ስም የተወለደው ከእነዚህ የኒው ዮርክ ሙዚቀኞች አፍ ነው ይባላል። ዛሬ ይህ ስም በየማስታወቂያው ይለጠፋል፤ አድማጩም የማህለርን የሚመስል ሙዚቃ ይጠብቅና ያዝናል። በ1910 ግን ማህለር ለኒው ዮርክ ሙዚቀኞች በየሳምንቱ ፊታቸው የሚቆም የኦርኬስትራ መሪ ነበር። ያመሰገኑት የኮልሪጅ ቴይለርን የመሪነት ችሎታ እንጂ የድርሰቱን ዓይነት አልነበረም። ቅጽል ስም ከተወለደበት ክፍል ወጥቶ ሲጓዝ ትርጉሙን እንዲህ ይለውጣል።

ኮንቸርቶው የታዘዘው ከዚህ ጉብኝት በኋላ ነው፤ ለሞድ ፓወል እንዲሆን። ፓወል በዘመኗ ከአሜሪካ ቫዮሊን ተጫዋቾች ግንባር ቀደም ነበረች። ከኮልሪጅ ቴይለር ሃያ አራት ዜማዎች መካከል «ዲፕ ሪቨር»ን ለቫዮሊን አስማምታ በኮንሰርቶቿ ትጫወተው ነበር፤ በ1911ም በሸክላ አስቀርጻዋለች። ነጭ ተመልካች በሞላበት አዳራሽ የባርነት ዘመን መዝሙር በቫዮሊን ማሰማት በዚያን ጊዜ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። እንግዲህ ስቶክል ከአዲሱ ሥራ የሚፈልገው ግልጽ ነበር፤ በአሜሪካ ምድር በሚታወቁ ዜማዎች ላይ የቆመ ኮንቸርቶ። ለመካከለኛው ክፍል «ሜኒ ታውዘንድ ጎን» የተባለው የባርነት ዘመን መዝሙር ታሰበ። ለመጨረሻው ክፍል ደግሞ ስቶክል ያቀረበው ሐሳብ «ያንኪ ዱድል» ነበር፤ አሜሪካዊ ልጅ ሁሉ በእግሩ እየመታ የሚያድግበት ዘፈን።

ደራሲው የመጀመሪያውን ረቂቅ ጽፎ ላከ። ቆይቶም አልወደደውም። ለስቶክል ረቂቁን ይጣለው ዘንድ ጻፈለት፤ እርሱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዲስ የሆነ፣ ከየትኛውም ሕዝብ ዜማ ያልተዋሰ ሌላ ኮንቸርቶ ጻፈ። ዛሬ ኦፐስ 80፣ በጂ ማይነር የምናውቀው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የነገሩ እምብርት ይህ ነውና። አንድ ሰው ከባለጸጋ የታዘዘውን ሥራ፣ ያውም ዕዳና ቤተሰብ እያለበት፣ አጠናቅቆ ከላከው በኋላ ጣሉት ይላል። ዜማዎቹን ንቆ ነው እንዳይባል፣ ገና ከሰባት ዓመት በፊት ሃያ አራቱን በክብር አሳትሟቸዋል፤ ለዚችው ለፓወል «ኪፕ ሚ ፍሮም ሲንኪንግ ዳውን» የተባለውን መዝሙር ለብቻው ለቫዮሊንና ለኦርኬስትራ ሠርቶላታል፤ በኖርፎክም ተጫውታዋለች። ያልፈለገው ኮንቸርቶው ውስጥ ሲገቡ ነው። እኔ እንደምረዳው፣ ኮንቸርቶ በዚያ ዘመን ደራሲ በአቻዎቹ ፊት የሚቆምበት ፈተና ነበር። ኤልጋር የራሱን የቫዮሊን ኮንቸርቶ በኖቬምበር 1910 በክራይስለር እጅ አሰምቶ ለንደንን አስደምሞ ነበር። ኤልጋርን የእንግሊዝ የገበሬ ዘፈን ይዘህ ካልመጣህ ብሎ የጠየቀው ማንም የለም። ኮልሪጅ ቴይለር ግን ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ይጠየቃል፤ የትውልድ ማስረጃ። በረቂቁ መጣል ውስጥ ይህን ጥያቄ አለመቀበል አነባለሁ። ሌላ ሰው የእጅ ሥራ ጉዳይ ነው፣ ዜማዎቹ ለረጅም ቅርጽ አልመቹትም ሊል ይችላል፤ ይህም ከእውነት የራቀ አይሆንም። ሁለቱ አይጣሉም።

አዲሱ ሥራ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ሌላ ጥፋት ገጠመው። የተላኩት የኦርኬስትራ ኖታዎች በመንገድ ጠፉና በጥድፊያ እንደገና መገልበጥ ነበረባቸው። ታሪኩ ታይታኒክ ከሰጠመችበት ከኤፕሪል 1912 ጋር ስለተቀራረበ ኖታዎቹ በታይታኒክ ሰጠሙ የሚል ተረት ተስፋፋ። የተጫኑት በሌላ መርከብ ነበር። ተረቱ ግን አይሞትም፤ በየኮንሰርቱ መግለጫ ወረቀት ላይ አሁንም ብቅ ይላል። በአንድ በኩል ጉዳት የለውም ይባል ይሆናል፤ ለማይታወቅ ሥራ የሚታወቅ መርከብ ማስታወቂያ ነውና። በሌላ በኩል ግን አንባቢው የመረሳቱን ምክንያት ከሰው እጅ አውጥቶ ለበረዶ ተራራ እንዲሰጥ ያደርገዋል። ኮንቸርቶውን ያሰጠመው ባሕር አይደለም።

እንግዲያስ ምንድን ነው? የመጀመሪያው መልስ ሞት ነው። አዲስ ኮንቸርቶ በሕይወት የሚኖረው ደራሲው ከከተማ ከተማ ሲመራው፣ ለዚህም ለዚያም ተጫዋች ሲያስተዋውቀው፣ ያልሠራውን ገጽ ሲያርመው ነው። ይህ ሥራ አባቱን ያጣው በእንግሊዝ ገና ሳይሰማ ነው። የመጀመሪያው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው በርዊክ ሴየርስ፣ ደራሲው በሞት አልጋው ላይ ሆኖ በምናቡ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ይህንኑ ኮንቸርቶ በእጁ ይመራ እንደነበር ይተርካል። የዚያ ዘመን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለ ትዕይንት ይወዳሉና በጥንቃቄ እወስደዋለሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የዓለም ጦርነት መጣ። ከጦርነቱ በኋላ የተነሣው የሙዚቃ ትውልድ የ1912ን ዜመኛ፣ ሞቅ ያለ ስሜት ያለበትን አጻጻፍ እንዳረጀ ልብስ ተመለከተው፤ ኤልጋር ራሱ ከዚህ ፊት መዞር አላመለጠም።

ሁለተኛው መልስ የገዛ ልጁ ሃያዋታ ነው። ከ1924 እስከ 1939፣ ከአንድ ዓመት በቀር፣ በለንደኑ ሮያል አልበርት ሆል ሃያዋታ በየዓመቱ እንደ ቲያትር ይቀርብ ነበር፤ በሺህ የሚጠጉ ዘማሪዎችና ተወዛዋዦች የቀይ ሕንዶችን ልብስ ለብሰው፣ ከ1928 ጀምሮ በማልኮም ሳርጀንት መሪነት። ስሙ በአንድ ሥራ ብቻ ታሰረ። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ የመዘምራን ማኅበራቱ ሲዳከሙ፣ የዚያ ዓይነት ትዕይንትም ሲያሳፍር፣ ሃያዋታ ወደቀ፤ ሲወድቅም ተደግፎበት የነበረውን ስም ሁሉ ይዞ ወደቀ። ኮንቸርቶውን ተመልሶ የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ መኖሩን የሚያውቅ ጥቂት ነበርና።

ሦስተኛው መልስ ገንዘብና ሕግ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ አንባብያን ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል። ከላይ የጠቀስኳት 15 ጊኒ ብዙ መዘዝ አላት። ኮልሪጅ ቴይለር ከዚያ ስሕተት ተምሮ በኋለኞቹ ሥራዎቹ መብቱን ለማስቀረት ሞክሯል፤ ነገር ግን ገበያውን የያዘው የመጀመሪያው ነበር። ኑሮውን ለመሙላት ያስተምራል፣ ይዳኛል፣ ከባቡር ባቡር እየዘለለ መዘምራን ይመራል፤ ብዙዎች ሞቱን ከዚህ ድካም ጋር ያያይዙታል። ሲሞት ባለቤቱ ጄሲና ሁለት ልጆቹ ችግር ላይ ወደቁ፤ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ለመበለቲቱ በዓመት 100 ፓውንድ ጡረታ ቆረጡላት። በእንግሊዝ የደራሲያንን የዝግጅት መብት የሚያስከብረው ማኅበር በ1914 ሲቋቋም፣ የእርሱ ታሪክ ከፊት ከቀረቡት ምሳሌዎች አንዱ ነበር። የ1911ዱ የቅጂ መብት ሕግ በሥራ ላይ የዋለው ጁላይ 1 ቀን 1912፣ ደራሲው ሁለት ወር ሲቀረው ነው።

የሕጉ ሌላ ገጽ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በዚያ ሕግ መሠረት መብቱ የሚጸናው ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ስለዚህ በ1962 መጨረሻ ኮንቸርቶው የሕዝብ ሀብት ሆነ። መልካም ዜና ይመስላል፤ ማንም ያለ ክፍያ ሊጫወተው ይችላል። ነገር ግን የማንም የሆነ ሥራ ጠበቃ የለውም። በሕይወት ያለ ወይም በቅርቡ የሞተ ደራሲ አሳታሚ አለው፤ አሳታሚው ለተጫዋቾች ይጽፋል፣ ኖታ ያበድራል፣ በመታሰቢያ ዓመት ኦርኬስትራዎችን ይወተውታል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከኪራዩ ስለሚያገኝ ነው። መብቱ ሲያልቅ ይህ ውትወታ ያልቃል። ቤትሆቨን ጠበቃ አያስፈልገውም። ስሙ ለተዘነጋ ሰው ግን የመብቱ ማብቂያ ሁለተኛ ቀብር ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የኦርኬስትራ ሥራ ባሕርይ ይጨመራል። የተረሳ ልቦለድ አንድ ቅጂ ከተረፈው በአንድ አንባቢ ይነሣል። ሠላሳ ደቂቃ የሚወስድ ኮንቸርቶ ግን ስድሳና ሰባ ሰው፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተገለበጠና የታረመ ኖታ፣ የልምምድ ሰዓት፣ አዳራሽ ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ሌላ ማንም የማይጋብዝበትን ሥራ በቃሉ ለማጥናት ወራት የሚሰጥ አንድ ቫዮሊን ተጫዋች ያስፈልገዋል። በኖታው ውስጥ ስሕተት ካለ እያንዳንዱ ስሕተት ሰባ ሰው ያስቆማል። የፕሮግራም ኃላፊው ደግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ትኬት ይሸጣል ወይ? ማንም ክፉ ሳይሆን፣ ሁሉም በየመሥሪያ ቤቱ ምክንያታዊ ውሳኔ እየወሰነ፣ አንድ ሥራ ለዘጠና ዓመት ሊቀበር ይችላል። የቀለም ጉዳይስ? ነበረ፤ በልጅነቱ በትምህርት ቤት ተሰድቦበታል፣ የጄሲ ቤተሰቦች ጋብቻውን ተቃውመውበታል፣ በሞተበት ዓመት እንኳ ለክሮይደን ጋዜጣ በጥቁሮች ላይ የተሰነዘረን ንቀት የሚቃወም ደብዳቤ ጽፏል። ነገር ግን ሃያዋታን እንደ ፋሲካ በዓል በየዓመቱ ያከበረው ያው ሕዝብ ነው። ቀለም ሥራውን በቀጥታ ከመድረክ አላወረደውም ባይ ነኝ፤ ከወደቀ በኋላ የሚያነሣው ሰው እንዳይኖር ግን ረድቷል። የኮሌጁ የታሪክ መጻሕፍት ሲጻፉ የእንግሊዝ ሙዚቃ ትንሣኤ ከኤልጋር ወደ ቮን ዊልያምስ በሚወርድ የዘር ሐረግ ተተረከ፤ በዚያ ሐረግ ላይ እርሱን የሚሰቅሉበት ቅርንጫፍ አልተገኘም።

ዳግም መገኘቱ እንደ መረሳቱ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ አልሆነም። በ1998 መኸር፣ የሃያዋታ መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ ጆን ማክላክሊን ዊልያምስ በሃርቫርድ ሳንደርስ አዳራሽ በዊልያም ቶማስ መሪነት ኮንቸርቶውን ተጫወተው። በ2004 ፈረንሳዊው ፊሊፕ ግራፋን ከጆሃንስበርግ ፊልሃርሞኒክ ጋር፣ ከድቮርዣክ ኮንቸርቶ ጋር አጣምሮ፣ በዲስክ አወጣው። ቦታው ምጸት አለው። የደራሲው ሴት ልጅ አቭሪል ኮልሪጅ ቴይለር፣ ራሷም ደራሲና የኦርኬስትራ መሪ፣ በ1952 ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዳ ነበር። እንደ ነጭ ስለታየች መጀመሪያ የአፓርታይድ ሥርዓት አላስከፋትም፤ የአባቷ አባት ጥቁር መሆኑን መንግሥት ሲያውቅ ግን በሙያዋ እንዳትሠራ ከለከላት። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የአባቷ ኮንቸርቶ ከተቀረጸባቸው የመጀመሪያ ከተሞች አንዷ ጆሃንስበርግ ሆነች። አቭሪል ግን በ1998 ሞታለች።

በ2005 አንተኒ ማርዉድ ከቢቢሲ ስኮትላንድ ሲምፎኒ ኦርኬስትራና ከማርቲን ብራቢንስ ጋር የቀረጸው ዲስክ ተከተለ። ይህኛው የመጣው ሃይፐሪየን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የተዘነጉ የሮማንቲክ ዘመን የቫዮሊን ኮንቸርቶዎችን በተከታታይ ቁጥር በሚያወጣበት መደብ ውስጥ ነው፤ የተጣመረውም ከአርተር ሶመርቬል ጋር ነው፤ እርሱም እንደ ኮልሪጅ ቴይለር የተረሳ፣ ነጭ እንግሊዛዊ። ይህ መደብ ያለ ጩኸት የሠራው ሥራ ይደንቀኛል። ቁጥር አንድን የገዛ ሰው ቁጥር አምስትን ይገዛል፤ ደራሲውን ሳያውቅ። ከዚያ በኋላ የሎሬይን ማካስላን ቅጂ ወጣ። በ2022 ደግሞ ቫዮሊኒስቷ ኤሌና ኡሪዮስቴ ከቺነኬ ኦርኬስትራ ጋር ለዴካ ያስቀረጸችው ታተመ። ቺነኬን በ2015 የመሠረተችው ናይጄሪያዊ አባትና አይሪሽ እናት ያላት የኮንትራባስ ተጫዋች ቺቺ ንዋኖኩ ናት፤ አብዛኞቹ አባላቱ ጥቁርና ከልዩ ልዩ ሕዝቦች የመጡ ሙዚቀኞች ናቸው።

እነሆ ሁለቱ መደርደሪያዎች። በአንዱ ላይ ኮንቸርቶው ከሶመርቬል አጠገብ ተቀምጧል፤ የዘመኑ እንግሊዛዊ ሥራ ሆኖ። በሌላው ላይ የጥቁር ደራሲያን ቅርስ ሆኖ። የሁለተኛው መደርደሪያ ጥቅም አይካድም፤ ያለ እርሱ ዛሬ ያለው ታዳሚ ሩቡ እንኳ አይገኝም ብዬ እገምታለሁ። በየዓመቱ ከ2020 ወዲህ ኦርኬስትራዎች ስሙን ያስታወሱት በምን ምክንያት እንደሆነ እናውቃለን። የሚያሳስበኝ ግን ረቂቁን ያስጣለው ጥያቄ በሌላ በር ተመልሶ መግባቱ ነው። የስቶክል ጥያቄ አሜሪካዊ ዜማ አምጣ ነበር፤ የዛሬው አድማጭ ደግሞ በኮንቸርቶው ውስጥ አፍሪካን ፈልጎ ያጣና ቅር ይለዋል፣ ወይም ያላገኘውን አገኘሁ ይላል። የአንድ ሥራ አቅራቢ የቆዳውን ቀለም በፖስተር ላይ አስቀምጦ ሙዚቃውን ሊያስደምጥ ይችላል፤ ፖስተሩን ግን እንደ መስሚያ መሣሪያ ሲያድለን ያን ጊዜ ደራሲው ዳግም ይታዘዛል።

እንግዲህ ምን ይሰማል? የመጀመሪያው ክፍል ግርማ ባለው ጭብጥ ይከፈታል፤ ቫዮሊኑ ብዙ ሳያስጠብቅ ይገባና ያንኑ ጭብጥ ይይዘዋል። ድቮርዣክ በጥላው አለ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ደራሲውም አይደብቀውም። የእርሱ የራሱ የሆነው አንድን አጭር ሐሳብ ደጋግሞ እያነሣ፣ ቀለሙን እየለወጠ የሚሄድበት መንገድ ነው። አንዳንዱ ሐያሲ ይህን ድግግሞሽ ድክመት ይለዋል፤ በመጀመሪያው ክፍል መካከል ላይ ከእርሱ ጋር እስማማለሁ፤ ሥራው እዚያ ጥቂት ይንጠራራል። ሁለተኛው ክፍል ግን ለማንም ይቅርታ አይጠይቅም። ጸጥ ያለ የሌሊት ዜማ ነው፤ ቫዮሊኑ ከኦርኬስትራው በላይ ሳይጮህ ይናገራል፤ ቫዮሊን ተጫዋች የነበረ ሰው ብቻ የሚያውቃቸው የጣት ምቾቶች በያንዳንዱ ሐረግ ውስጥ አሉ። ሦስተኛው ክፍል ይጨፍራል፤ መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ ያ የመክፈቻው ጭብጥ በሰፊው ይመለሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያዳምጥ ሰው ከሁለተኛው ክፍል እንዲጀምር እመክራለሁ፤ ከማርዉድ ቅጂ ጋር። ኡሪዮስቴን ደግሞ ለመጨረሻው ክፍል።

ከኤልጋር ኮንቸርቶ ጋር ይስተካከላል ወይ ለሚል፣ አይመስለኝም፤ የኤልጋር ጥልቀትና ስፋት ሌላ ነው። ነገር ግን በየዓመቱ በየአዳራሹ የሚደጋገሙት ኮንቸርቶዎች ሁሉ የኤልጋርን አያህሉም፤ ብዙዎቹ ከዚህ አይበልጡም። ፍትሕ የሚጠይቀው ታላቅ ተብሎ እንዲታወጅ አይደለም። ከእነርሱ ጋር እኩል ተሰልፎ፣ አንዳንዴም ሰልችቶ፣ አንዳንዴም ተወድዶ፣ በየተራው እንዲቀርብ ነው።

ኮልሪጅ ቴይለር የተቀበረው ከክሮይደን በማይርቀው ባንደን ሒል መካነ መቃብር ነው። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ጥቂት የኖታ መስመሮች ተቀርጸዋል። ከሃያዋታ የተወሰዱ ናቸው።